ስም ያለው ሳህን፦ የአውሮፓ ባለአርማ ፖርሴሊን ገበታና የሰብሳቢዎቹ ታሪክ

ባለአርማ የፖርሴሊን ገበታ የሚባለው ከሾርባ ማቅረቢያው እስከ ጨው ማስቀመጫው ድረስ በአንድ ንድፍ ተሠርቶ፣ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የባለቤቱ ቤተሰብ አርማ የተሣለበት የምግብ ወይም የሻይና የቡና ዕቃ ስብስብ ነው። በአውሮፓ እጅግ የገነነው በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ነው። ትንሹ የሻይ ስብስብ አንድ ማንቆርቆሪያና ጥቂት ሲኒዎች ሲሆን፣ ትልቁ የግብር ገበታ ከሁለት ሺህ በላይ ዕቃ ይይዛል። ሌላው የጥንት ሳህን ከቤቱ ከወጣ በኋላ የማን እንደ ነበር የሚያውቅ የለም። ባለአርማው ግን ተሽጦም፣ ተዘርፎም፣ ተሰባብሮም የጌታውን ስም እንደያዘ ይኖራል። ሰብሳቢዎች ከሌላው ዕቃ አብልጠው የሚሹትም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአርማው መሠረት ጋሻ ነው። በመካከለኛው ዘመን ፊቱን በብረት የሸፈነ ፈረሰኛ በጦር ሜዳ እንዲለይ በጋሻው ላይ ያሣለው ምልክት ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የቤተሰብ መለያ ሆነ። ከጋሻው በላይ ያለው ዘውድ ማዕረግን ይናገራል፤ የካውንቱ ዘውድ ከመስፍኑ፣ የመስፍኑም ከንጉሡ ይለያል። በዙሪያው የሚታየው ሐብልና ሪባን ባለቤቱ የተሸለመው ኒሻን ነው። ሁለት ጋሻዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጋብቻን ያመለክታሉ፤ ተመልካቹ በግራ በኩል የሚያየው የባል፣ በቀኝ በኩል የሚያየው የሚስት ወገን ነው። በእንግሊዝ ደንብ ባሏ የሞተባት ሴት አርማዋን በጋሻ ሳይሆን በሾጣጣ ማዕዘኑ በቆመ ባለአራት ማዕዘን ቅርጽ ላይ ታሥላለች። እንግዲህ ይህን ሁሉ ማንበብ የሚችል ሰው ሳህኑ የተሠራበትን ዘመን በጥቂት ዓመታት ልዩነት ሊያስቀምጥ ይችላል። ጋብቻው ከተፈጸመበት ዓመት በፊት፣ ኒሻኑ ከተሰጠበት ዓመት በፊት ሊሠራ አይችልም፤ ማዕረጉ ከፍ ካለም በኋላ ማንም በአሮጌው ዘውድ አዲስ ዕቃ አያዝም።

በገበታ ዕቃ ላይ አርማ ማሣል ፖርሴሊን ከመምጣቱ በፊትም የታወቀ ነበር። የጣሊያን መሳፍንት በማዮሊካ፣ ማለትም በነጭ የቆርቆሮ ልባስ በተሸፈነ ባለሥዕል ሸክላ፣ እንዲህ ያለ ገበታ ያሠሩ ነበር። ከታወቁት አንዱ በ1524 ገደማ ኒኮላ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ሠዓሊ ለማንቱዋዋ እመቤት ለኢዛቤላ ደስቴ የሠራው ነው። ቢሆንም የትልቅ ሰው ገበታ ብር ነበር። ብር ደግሞ በችግር ቀን የሚቀልጥ ገንዘብ ነው፤ የፈረንሳዩ ሉዊ 14ኛ ለጦርነት ወጪ በ1689ና በ1709 የብር ዕቃ እንዲቀልጥ ባዘዘ ጊዜ መኳንንቱ ወደ ሸክላ ፊታቸውን ለማዞር ተገደዱ። ሸክላ ቢሰበር እንጂ ቀልጦ ለወታደር ደመወዝ አይሆንም። ብዙ የብር ገበታ ሲጠፋ በርካታ ፖርሴሊን እስከ ዛሬ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እውነተኛው ፖርሴሊን ግን የቻይና ነበር። ካኦሊን የተባለውን ነጭ አፈር ከተፈጨ ልዩ ድንጋይ ጋር አዋሕዶ ወደ 1,300 ዲግሪ በሚጠጋ ወይም ከዚያ በሚበልጥ ሙቀት የማቃጠል ጥበብ በጂንግደዠን ከተማ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። የሚወጣው ዕቃ ነጭ፣ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮኽ ነው። ፖርቱጋሎች በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቻይና ሲደርሱ ትእዛዝ መስጠት ጀመሩ። የንጉሥ ማኑኤል አንደኛ ምልክቶች ያሉባቸው ሰማያዊና ነጭ ማንቆርቆሪያዎች ለአውሮፓ ትእዛዝ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መካከል ናቸው። በአንዳንዶቹ የዚያ ዘመን ዕቃዎች ላይ የፖርቱጋል ንጉሣዊ አርማ ተገልብጦ ተሥሏል። የቻይናው ሠዓሊ የሚሥለው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ላዩ የቱ ታቹም የቱ እንደ ሆነ የሚነግረው አልነበረም።

በኋላ ሆላንዶች፣ ከዚያም እንግሊዞች ንግዱን ያዙት። እንግሊዛዊው ባለትእዛዝ አርማውን ለቻይና የሚያሳውቀው አብዛኛውን ጊዜ በመጽሐፎቹ ሽፋን ውስጥ የሚለጥፋትን የባለቤትነት መለያ ወረቀት በመላክ ነበር። ወረቀቷ በጥቁር የታተመች ስለሆነች ቀለሙን የምታሳየው በመስመር ነው፤ የቆመ መስመር ቀይ፣ የተጋደመ መስመር ሰማያዊ፣ ነጠብጣብ ወርቅ ማለት ነው። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ መኮንን ወረቀቷን ይዞ የቻይና ወደብ ወደ ሆነችው ካንቶን ይደርሳል፤ ትእዛዙ ይሰጣል፤ ዕቃው ተሠርቶ ለንደን እስኪገባ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በዚህ መንገድ በሺዎች የሚቆጠሩ የእንግሊዝ ቤተሰቦች ባለአርማ ገበታ አገኙ። ከእነዚህ መካከል የባሕር ኃይሉ አዛዥ የጆርጅ አንሰን ገበታ የተለየ ታሪክ አለው። አንሰን በ1743 በካንቶን ሳለ ከተማዋ በእሳት ተያዘች፤ መርከበኞቹ እሳቱን በማጥፋት ስለረዱ ገበታው ከዚያ ውለታ ጋር ተያይዞ ይነገራል። በሳህኖቹ ላይ ከአርማው ጋር በጉዞው ያያቸው የዳቦ ፍሬ ዛፍና ዘንባባ ተሥለዋል። ዛሬ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር በሹግበሮ የቤተሰቡ ቤት ውስጥ ነው።

አውሮፓውያን ራሳቸው ፖርሴሊን ለመሥራት ያደረጉት ሙከራ ረጅም ጊዜ ወስዷል። በፍሎረንስ የሜዲቺው መስፍን ፍራንቸስኮ አንደኛ ከ1575 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት መስታወትና ነጭ አፈር እያቀላቀለ ተመሳሳዩን አሠርቷል። ከተረፉት ጥቂት ዕቃዎች አንዱ የስፔኑ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ አርማና 1581 የሚል ዓመት ያለበት ጠርሙስ ነው። የአውሮፓ ፖርሴሊን ገና ከልጅነቱ አርማ ተሸክሞ ለንጉሥ የሚላክ ስጦታ እንደ ነበር ያሳያል። ቀመሩ ግን ከመስፍኑ ሞት በኋላ ጠፋ።

እውነተኛው ምሥጢር የተገኘው በሳክሶኒ ነው። የሳክሶኒ መስፍንና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው ብርቱው አውግስጦስ የቻይናና የጃፓን ሸክላ ፍቅር ያሳበደው ሰው ነበር። በ1717 ከፕሩሲያው ንጉሥ 151 የቻይና ዕቃዎችን ወስዶ በምትኩ 600 ፈረሰኛ ወታደሮች ሰጥቷል። ዮሐን ፍሪድሪኽ ቦትገር የተባለውን ወጣት ወርቅ እሠራለሁ በማለቱ ይዞ አስቀምጦት ነበር። ቦትገር ከሳይንቲስቱ ከቺርንሃውስ ጋር እየሠራ በ1708 ወርቁን ሳይሆን ነጩን ፖርሴሊን አገኘ። በጥር 1710 ፋብሪካ እንዲቋቋም የንጉሡ አዋጅ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ፋብሪካው ከድሬስደን ወጣ ብላ በምትገኘው ማይሰን ከተማ፣ አልብሬኽትስቡርግ በተባለው ከፍታ ላይ ባለው ግንብ ውስጥ ሥራ ጀመረ። የጠራ ቀለም ግን እስከ 1720 ድረስ አልነበረም። በዚያ ዓመት ዮሐን ግሬጎሪዩስ ሄሮልት ከቪየና መጥቶ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ኤናሜሎችን፣ ማለትም በልባሱ ላይ የሚሣሉ ቀለሞችን፣ በየተራ አዳበረ። አርማ ያለ ትክክለኛ ቀለም አርማ አይደለም፤ ቀዩ ጋሻ ቡናማ ከሆነ የሌላ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለአርማው ገበታ በማይሰን የተጀመረው ሄሮልት ቀለሞቹን ካጠራ በኋላ መሆኑ አያስገርምም።

የፋብሪካዎቹ ምልክቶች ራሳቸው ከአርማ የተወሰዱ ናቸው። ማይሰን ከ1720ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዕቃው ሥር በሰማያዊ የሚያስቀምጣቸው ሁለት የተጠላለፉ ሰይፎች የመጡት ከሳክሶኒ መሳፍንት አርማ ነው። የበርሊኑ ንጉሣዊ ፋብሪካ በትረ መንግሥት ከብራንደንቡርግ አርማ፣ በሙኒክ አጠገብ ያለው የኒምፈንቡርግ ባለዕንቁ ቅርጽ ጋሻ ከባቫርያ አርማ ተወስደዋል። የቪየናው ፋብሪካ የሀብስቡርጎችን ባለአግድም ጋሻ ይጠቀም ነበር። ብዙ ሻጭ ምልክቱን ገልብጦ እያየ «የንብ ቀፎ» ይለዋል፤ ሳህኑን ዞር አድርጎ ያየው ሰው ግን ጋሻውን ወዲያው ያውቀዋል።

በአውሮፓ ነገሥታት መካከል ስጦታ የፖለቲካ ሥራ ነበር፤ ፖርሴሊን ደግሞ የጥቂቶች ብቻ ምሥጢር በነበረባቸው ዓመታት ከወርቅ የተሻለ ስጦታ ሆነ። በ1725 ብርቱው አውግስጦስ ለሰርዲንያው ንጉሥ ለቪቶሪዮ አሜዴዮ 2ኛ በላከው ማይሰን ውስጥ የተቀባዩ አርማ የተሣለባቸው የሻይ ዕቃዎች ነበሩ። የላኪው ፋብሪካ የተቀባዩን ዘውድ በራሱ አፈር ላይ ሲሥል ክብር መስጠቱ ነው፤ ጥበቡ የማን እንደ ሆነም በዚያው ይናገራል። የብርቱው አውግስጦስ ልጅ የአውግስጦስ 3ኛ ሴት ልጅ ማሪያ አማሊያ በ1738 የኔፕልሱን ንጉሥ ካርሎስን ስታገባ የሁለቱ መንግሥታት አርማ ጎን ለጎን ያለበት ማይሰን አብሮ ሄደ። ካርሎስ በ1743 የራሱን ፋብሪካ በካፖዲሞንቴ አቋቋመ። በ1745 የሩሲያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ የወንድ ወራሿን ጋብቻ ስታከብር ከማይሰን ከ400 በላይ ዕቃ የያዘ ገበታ ደረሳት፤ ባለሁለት ራሱ የሩሲያ ንስርና የቅዱስ እንድርያስ መስቀል አለበት። ሙሽራይቱ በኋላ ታላቋ ካትሪን የተባለችው ናት። ቪየናም ወደ ኋላ አላለችም፤ ከማይሰን በከዱ ሠራተኞች እርዳታ በ1718 የተቋቋመው የዱ ፓኪዬ ፋብሪካ በ1735 ገደማ ለንግሥት አና ኢቫኖቭና ባለአርማ ገበታ ሠርቷል።

ከዚህ አብዛኛው የሻይና የስጦታ ዕቃ ነበር ሊባል ይችላል። ሙሉ የግብር ገበታ በአንድ ንድፍ፣ በአንድ አርማ ለመሥራት የቻለው ቅርጻ ቅርጽ ሠሪው ዮሐን ዮአኪም ኬንድለር ነው። ኬንድለር በ1731 ማይሰን ገባ። ከ1735 ጀምሮ የአውግስጦስ 3ኛ ባለሟል ለነበረው ለካውንት ሱልኮቭስኪ የሠራው ገበታ የመጀመሪያው ታላቅ ማይሰን ነው። የሳህኖቹ ጠርዝ እንደ ሰፌድ የተሸመነ ይመስላል፤ የሱልኮቭስኪና የሚስቱ ወገን የሽታይን አርማዎች አንድ ላይ ተሥለዋል። ገበታው ሊጠናቀቅ ሲል፣ በ1738፣ ሱልኮቭስኪ ከንጉሡ ፊት ወደቀ፤ ከሥልጣን ተባረረ። የተሸመነ የሚመስለው ጠርዝ ግን በስሙ «የሱልኮቭስኪ ሽመና» እየተባለ ለሌሎችም ገበታዎች ማገልገሉን ቀጠለ።

በእግሩ የተተካው ካውንት ሃይንሪኽ ፎን ብሩል ነበር፤ የማይሰን የበላይ ኃላፊም እርሱ ስለሆነ ለራሱ ያላዘዘው ነገር አልነበረም። ከ1737 እስከ 1742 ኬንድለርና ረዳቱ ኤበርላይን የሠሩለት «የስዋን ገበታ» ከ2,200 በላይ ዕቃዎች ነበሩት፤ ለመቶ ሰው የሚበቃ ነው። ስዋን ረጅም አንገት ያለው ነጭ የውኃ ወፍ ነው። ኬንድለር ለዚህ ሥራ ሲል ድሬስደን ሄዶ በንጉሡ የተፈጥሮ ስብስብ ውስጥ ያሉትን ዛጎሎች እያየ ንድፍ አወጣ።

አንዱን ሳህን ቀርቦ ማየት ይገባል። ሳህኑ በሙሉ እንደ ዛጎል ከመሃል ወደ ዳር በሚበተኑ ስስ ጎድጓዳ መስመሮች ተሸፍኗል። በመሃሉ ሁለት ስዋኖች በቄጠማ መካከል ይዋኛሉ፤ በአጠገባቸው አንድ ሽመላ ቆሟል፣ ሌላው ከላይ እየበረረ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ቀለም የለውም፤ ነጭ በነጭ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ የተቀረጸ ስለሆነ ብርሃን በጎን ካልመታው አይታይም። ጠርዙ ወርቅ ነው፤ በዳሩ ላይ ትንንሽ አበቦች እዚህም እዚያም ተበትነዋል። ከላይ በኩል ብቻ፣ ከአውራ ጣት ብዙም በማይሰፋ ቦታ፣ የብሩልና የሚስቱ የኮሎቭራት ቤተሰብ ጋሻዎች በዘውድ ሥር በደማቅ ቀለም ተቀምጠዋል። የኬንድለር ብልሃት እዚህ ላይ ነው፤ ነጩ ዝም ስለሚል ዓይን በቀጥታ የሚሄደው ወደ አርማው ነው። በጠቅላላው የአውሮፓ ፖርሴሊን ታሪክ ከዚህ ገበታ ጋር የሚወዳደር የለም ማለት ማጋነን አይሆንም።

የአርማው አሣሣል ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ዕቃው መጀመሪያ ተቃጥሎ፣ ልባሱን ለብሶ፣ በከፍተኛ ሙቀት ዳግመኛ ይቃጠላል። ከዚያ ሠዓሊው ከብረት ማዕድናት የተዘጋጀውን የኤናሜል ዱቄት በዘይት እያሸ በቀጭን ብሩሽ ይሥላል። ዕቃው ለሦስተኛ ጊዜ እቶን የሚገባው በጣም ዝቅ ባለ ሙቀት ነው፤ ቀለሙ የሚይዘው ልባሱ ላይ እንጂ ከሥሩ አይደለም። ወርቁ በመጨረሻ ተቀብቶ በለሰለሰ የአጌት ድንጋይ ይወለወላል። ወርቅና አርማ ላይ ላዩን ስለሆኑ በእጥበትና በቢላ ይፋቃሉ። ሳህን የሚገዛ ብልህ ሰብሳቢ ጥቂት የቢላ ጭረት ሲያይ ደስ የሚለው ለዚህ ነው፤ ገበታው በእርግጥ ተበልቶበታል ማለት ነው።

ሩሲያ ለአርማው የተለየ አገልግሎት አገኘችለት። ካትሪን ከ1777 ጀምሮ በሞስኮ አቅራቢያ ለነበረው ለእንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋርድነር ፋብሪካ አራት ገበታዎች አዘዘች፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ለቅዱስ እንድርያስ፣ ለቅዱስ አሌክሳንደር ኔቭስኪና ለቅዱስ ቭላድሚር ኒሻኖች። በየኒሻኑ በዓል ተሸላሚዎቹ በክረምቱ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው፣ በደረታቸው ያለው ኮከብና ሪባን በተሣለበት ሳህን ይበሉ ነበር። እዚህ ላይ አርማው የአንድ ቤተሰብ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ማኅበር ሆኗል።

በእንግሊዝ የቻይናው ትእዛዝ እየቀነሰ የሄደው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1791 ሸክላ በጅምላ ማስገባቱን ሲያቆም ነው። ቦታውን የዎስተር፣ የደርቢና የሌሎች ከተሞች ፋብሪካዎች ወሰዱት። አድሚራል ኔልሰን በ1802 ዎስተርን ጎብኝቶ ከቻምበርለን ፋብሪካ ሙሉ አርማው ያለበት ገበታ አዘዘ፤ በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ ሲሞት የተጠናቀቀው የቁርሱ ክፍል ብቻ ነበር። ንጉሥ ዊልያም 4ኛ በ1830 ያዘዘው የሮኪንግሃም ገበታ ደግሞ ሠሪዎቹን ለኪሳራ ካበቋቸው ምክንያቶች ዋናው ነው። ሥራው በ1837 ሲያልቅ ንጉሡም በዚያው ዓመት ሞተ፤ ገበታው የተዘረጋው በ1838 ለንግሥት ቪክቶሪያ የዘውድ በዓል ነው። ፋብሪካው በ1842 ተዘጋ።

የባለአርማው ገበታ ዘመን የተሰበረው ከፈረንሳይ አብዮት ጋር ነው። በሰኔ 1790 የወጣው አዋጅ የዘር መኳንንትነትንም አርማንም ሻረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጦርነቶች ብዙ ቤቶች ተዘረፉ፣ ብዙዎቹም ተሸጡ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የእርሻ ገቢ ሲያሽቆለቁል ወራሾች መጀመሪያ የሚያወጡት መሬቱን ሳይሆን በቁም ሣጥን የታሸገውን ሳህን ነበር። የመሰብሰብ ታሪክ የሚጀምረው ገበታው ከቤቱ ሲወጣ ነው።

የመጀመሪያው ታላቅ ሰብሳቢ ግን ብርቱው አውግስጦስ ራሱ ነበር። በ1721 ያስጀመረው መዝገብ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ሰጥቶታል፤ ቁጥሩም በልባሱ ላይ በመሽከርከሪያ ተቀርጿል ወይም በቀለም ተጽፏል። ዛሬ በጨረታ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ያለበት ሳህን ሲወጣ ከንጉሡ ስብስብ እንደ መጣ ይታወቃል። በእንግሊዝ በብሪቲሽ ሙዚየም የክፍል ኃላፊ የነበረው አውግስጦስ ወላስተን ፍራንክስ፣ በ1897 እስኪሞት ድረስ፣ ባለአርማ ሸክላንና የመጽሐፍ ባለቤትነት መለያ ወረቀቶችን ጎን ለጎን ሰበሰበ። ሁለቱን አንድ ላይ መሰብሰቡ የብልህ ሰው ሥራ ነው፤ ካንቶን የተላከችውን ወረቀትና በእርሷ የተሣለውን ሳህን ማነጻጸር የሚቻለው እንዲያ ሲሆን ነው። ሌዲ ሻርሎት ሽራይበር ደግሞ ከባሏ ጋር በመላው አውሮፓ ሱቅ ለሱቅ እየዞረች ሸክላ ስትገዛ ኖራ የእንግሊዝ ሸክላ ስብስቧን በ1884 ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ለሚባለው ሙዚየም ሰጠች። በ1925 አልጀርነን ቱዶር ክሬይግ፣ ከእርሱም በሰፊው በ1974ና በ2003 ዴቪድ ሳንክቹዋሪ ሃዋርድ ያሳተሟቸው መጻሕፍት እያንዳንዱን የእንግሊዝ አርማ ከቤተሰቡና ከዘመኑ ጋር አያያዙ። ከሃዋርድ በኋላ የቻይና ሸክላ ተመራማሪ ያለ ዓመት የመጣን ማንኛውንም ሳህን ከባለአርማዎቹ ጋር እያስተያየ ዘመኑን መገመት ችሏል።

ተፈላጊነት ሐሰተኛ ሥራን ወለደ። በ1845 በፓሪስ የተቋቋመው የሳምሶን ቤት የጥንት ሸክላ ቅጂ ይሠራ ነበር፤ ከቅጂዎቹ መካከል ለእንግሊዝ ቤተሰቦች የተሠራው የቻይና ባለአርማ ሸክላ ብዙውን ቦታ ይይዛል። የሳምሶን ልባስ ለስላሳና ወደ ግራጫ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ የቻይናው ደግሞ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ትንንሽ ጎድጎድ ያለበት ሲሆን ልባስ ያልነካው የእግሩ ጠርዝ ዝገት የመሰለ ቀለም አለው። ከዚህ የሚከፋው በእውነተኛ ያረጀ ሳህን ላይ አዲስ አርማ መጨመር ነው። ያረጀ ዕቃ ዳግም እቶን ሲገባ በልባሱ ላይ ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። አርማው የቢላ ጭረቱን ሸፍኖ ከተገኘም የተሣለው ከጭረቱ በኋላ ነው ማለት ነው። ሁለቱም በአጉሊ መነጽር ይታያሉ።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ስብስቦቹን በተነ። የድሬስደን መንግሥት በ1919ና በ1920 ተደራራቢ ናቸው ያላቸውን የንጉሡን ዕቃዎች በበርሊን በጨረታ ሸጠ። ባለስዋኑ ገበታ በብሩል ቤተሰብ እጅ፣ ዛሬ በፖላንድ ብሮዲ በሚባለው በፕፎርተን ግንብ ቆይቶ ነበር። ግንቡ በሰባት ዓመቱ ጦርነት ጊዜ በ1758 በፕሩሲያ ወታደሮች ሲቃጠል ገበታው ተርፏል፤ በ1945 የቀይ ጦር ሲገባ ግን ከቀረው አብዛኛው ተሰባበረ፣ ተበተነ። ቀደም ብለው የተሸጡትና በውሰት ለሙዚየም የተሰጡት ብቻ ዳኑ። በዋርሶ፣ በድሬስደን፣ በለንደንና በኒውዮርክ የሚታዩት እነዚህ ናቸው። የድሬስደኑ የባንክ ሰው የጉስታቭ ፎን ክሌምፔረር ከ800 በላይ ዕቃ ያለው ማይሰን በ1938 ከአይሁዳዊው ቤተሰብ ላይ በናዚዎች ተወረሰ፤ አብዛኛው በየካቲት 1945 በድሬስደን የቦምብ ድብደባ ወደመ። ከፍርስራሹ የተለቀሙት ቁርጥራጮች በ2010 በለንደን ተሸጡ።

የማርጋሬተና የፍራንዝ ኦፐንሃይመር ስብስብም በዚያው ዘመን ተጠቃ። አይሁዳዊያኑ ባልና ሚስት ከበርሊን ወደ ቪየና፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሸሹ፤ ማይሰናቸው በአምስተርዳም የባንክ ሰው እጅ አልፎ በ1941 ለሂትለር ተገዛ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሆላንድ ተመልሶ በራይክስሙዚየም ለዓመታት ሲታይ ኖረ። ከዕቃዎቹ መካከል ለቬኒሱ የሞሮሲኒ ቤተሰብ በ1731 ገደማ የተሠራ ባለአርማ የሻይና የቡና ስብስብ ነበር። በ2021 ስብስቡ ለወራሾቹ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ወር በኒውዮርክ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ራይክስሙዚየም ጨረታው ውስጥ ገብቶ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ዕቃ በገንዘቡ ገዝቶ ወደ አምስተርዳም መልሶታል።